አንባቢ የማያየው መስመር

ማሒር ሐሙስ ጠዋት ከቢሮው ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ቢሮው ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር አጠገብ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከሥራ ሸሪኩ ከግርማ ጋር ሆኖ ለሰው ድረ ገጽ ይሠራባት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለአጎቱ ኪታቦች፣ ለጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍቱ፣ በሠራው ድረ ገጽ ላይ «ደክሞኛል፤ ይቅር በሉኝ» የሚል ጽሑፍ ተነበበ። ከተማው ለመፍረድ ከዚህ በላይ አላስፈለገውም፤ ራሱን ወረወረ ተባለ።

ኢንስፔክተር ተክለጻድቅ ሲደርስ የሟቹ እህት ዘምዘም ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ካለው የዐስር ሶላት በፊት ነው» አለችው። «ራሱን ገደለ ተብሎ እንዳይቀበር። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ትናንት እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው። የገጹን ጽሑፍ ላርምለት ዛሬ እመጣለሁ ብዬው ነበር።»

አጎትየው አቶ ዓሊዪ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ከማሒር ጋር ተጣልተው ነበር አሉ፣ አባቴ።»

«ወላሂ ተጣልቻለሁ። ፎቶ ላንሳቸው ብሎ ኪታቦቼን ወሰደ፤ ሁለቱ አልተመለሱም። ሌባ አልኩት።» መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱ። «ለልጁ የነገርኩት የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

ግርማ ረጋ ያለ ሰው ነው። ደንበኛ የሚያመጣው እሱ፣ ገጹን የሚጽፈው ማሒር ነበር።

«ዛሬ እዚህ ወጥተሃል?» አለው ተክለጻድቅ።

«አልወጣሁም። ወሬውን ስሰማ ራሔል ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ገጹን አየሁት። ‹ዛሬ ሐሙስ፦ ዘምዘም ሳታርመው አይለቀቅ› ይላል፤ ከሥሩ ስንብቱ። ምስኪን! እስከ መጨረሻው ሥራውን ያስብ ነበር።»

ተክለጻድቅ ቃሉን ጻፈውና ወደ ራሔል ኢንተርኔት ቤት ሄደ። ገጹን አስከፍቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ስንብቱ አለ፤ ስለ ሐሙስ የሚል ግን የለም።

«ግርማ መጥቶ ነበር?»

«ሰው ተሰብስቦ ሲያነብ ከበሩ ላይ አየት አድርጎ ሄደ» አለች የቤቱ ባለቤት ራሔል፤ ገጽ መጻፍ ያስተማራት ማሒር ነበር። «ጽሑፉ ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ተክለጻድቅ ይዟት የመጣው ራሔል በማሒር ኮምፒውተር ላይ የገጹን ፋይል ከፈተች።

«ከስንብቱ በላይ ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢው» አላት ተክለጻድቅ።

«‹ዛሬ ሐሙስ፦ ዘምዘም ሳታርመው አይለቀቅ።›»

ዘምዘም ቀና አለች።

«ይኸው! አላልኩም?» አለ ግርማ።

«ብለሃል። ራሔል፣ ይህ መስመር ገጹ ላይ ለምን የለም?»

«ገጹ የተጻፈው ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ፋይሉን ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያነብና ለአንባቢ ውጤቱን ብቻ ይልካል። ማሒር በየጠዋቱ ሥራ ሲጀምር ለራሱ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ሰርቨሩ እሱን ያስቀረዋል። ይህን የሚያይ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን የከፈተ ብቻ ነው።»

«የተጻፈው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ነው» አለ ተክለጻድቅ። «ስለዚህ ግርማ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል። ማሒር ገጽ ኢንተርኔት ላይ ሲጭን እያየህ ኖረሃልና ስንብቱን ከማስታወሻው ሥር ጽፈህ ጫንክ። ፋይሉ ላይ ያየኸው ሁሉ ገጹ ላይ የሚወጣ መሰለህ። ገጽ ስትሸጥ ኖረህ አንድም ቀን ጽፈህ አታውቅማ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

ከዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘውን ደብዳቤ አሳየ። አንድ የውጭ አገር ሰው የገዛቸው ሁለቱ ኪታቦች እንደ ደረሱት ለግርማ ጽፏል። ማሒር ደብዳቤውን ያነበበው ትናንት ነበር።

«ለአጎቴ እነግራለሁ ብሎ ሲወርድ... አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት» አለ ግርማ።

አቶ ዓሊዪ ግድግዳውን ተደገፉ። «ያ ረቢ፣ ልጄን ሌባ አልኩት» አሉ፤ ደጋግመውም አሉት። ከዚያ ሊቀብሩት ወረዱ።

ራሔል ስንብቱን ሰረዘችው። «ይህ የላይኛው መስመርስ?»

«ማንም አያየውም፣ አይደል?» አለች ዘምዘም።

«ማንም።»

«እሱ ይቆይ።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና የወንድሟን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ማረም ጀመረች።