ብሮንዊን ተስማምታለች

ኢሎዲ ሱሬት ብሮንዊንን በዓይኗ አይታት አታውቅም፤ ግን ወዳታለች። ሳቅ ያሰኛል አይደል? ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ሃሊፋክስ ውስጥ ስለ ባሕር ዕፅዋት የምርምር ጽሑፎችን የሚያወጣ አንድ ትንሽ መጽሔት አለ። የኢሎዲ ሥራ እዚያ ነው። ጽሑፍ በመጣ ቁጥር፣ ስማቸው የሰፈረው ሰዎች በእርግጥ የሠሩት እነሱ መሆናቸውንና የመጨረሻውን ቅጂ አንብበው መስማማታቸውን፣ ለእያንዳንዳቸው በየኢሜይል አድራሻቸው እየጻፈች ታረጋግጣለች። አብዛኛው ሰው «ተስማምቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ወርውሮ ይጠፋል። አንዳንዱ ጭራሹን አይመልስም፤ እሷም መነዝነዝ እንጀራዋ ነውና ትነዘንዘዋለች።

ብሮንዊን ሎው ግን በየካቲት ወር እንዲህ ብላ መለሰች፦ «አንብቤዋለሁ፣ ተስማምቻለሁ። ዛሬ ባሕሩ ያኮረፈ ይመስላል። ለመሆኑ ቢሮሽ መስኮት አለው?» ኢሎዲ ብቻዋን ሳቀች። መስኮትስ አለው፣ የሚያሳየኝ ግን የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው ብላ ጻፈችላት። በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተጻጻፉ። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ገምጋሚዎች ሄደ፤ ጨዋታውም በዚያው ቀረ።

በሰኔ፣ መጽሔቱን የሚያሳትመው ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ እራት ሲቀርብ አንድ ረጅም ሰው መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ካላም ጊሊስ ይባላል፤ የዚያው ጽሑፍ ሁለተኛ ጸሐፊ ነው። የዚያው አካባቢ፣ የኬፕ ብሬተን ደሴት ልጅ ሲሆን ስድስት ዓመት በአገሩ ወዲያኛው ዳርቻ፣ በቪክቶሪያ ከተማ ሠርቶ በቅርቡ ነው የተመለሰው። ከዓሣ ሾርባው ውስጥ ዓሣ ፈልጎ ማጣቱን ትልቅ ቁም ነገር አስመስሎ ነገራት፤ እሷም የራሷን ሳህን ገፋ አደረገችለት። ሲያወራ ዓይኑን ከዓይኗ አይነቅልም። ድንገት ደግሞ ዝም ይልና የት እንደሄደ አይታወቅም። ልቧን የወሰደው ያ ዝምታው ነው።

ሐምሌንና ነሐሴን በየቅዳሜው ተገናኙ። ባሕር ዳር ይሄዳሉ፣ ያወራሉ፣ ይለያያሉ። አንድ ጊዜ የሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ እጇን ያዛት፤ ወዲያው እሳት እንደነካው ሰው ለቀቃት። ይወደኛል ወይስ አይወደኝም እያለች ስትብሰለሰል መስከረም ገባ።

በመስከረም ገምጋሚዎቹ ጽሑፉን አሳለፉት። ኢሎዲ የምሥራቹን እዚያው ባሕሩ ዳር ነገረችው። ደስ ይለዋል ብላ ስትጠብቅ ፊቱ ዳመነ።

«ብሮንዊንን መቼ ነው የምታስተዋውቀኝ?» አለችው። «ሳላያት ወድጃታለሁ እኮ።»

«ብሮንዊን የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ሞታለች፣ ኢሎዲ። አምና በኅዳር፣ መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራቶ።»

ኅዳርና የካቲት። ኢሎዲ በጣቷ መቁጠር አላስፈለጋትም። ሞታ ሦስት ወር የሆናት ሴት ናት ስለ መስኮት የጠየቀቻት።

ካላም ዓይኑን ከውኃው ላይ ሳያነሳ ሁሉንም ነገራት። በጸደይ ሊጋቡ ነበር። ጽሑፉ የብሮንዊን የስድስት ዓመት ልፋት ነው። ደንቡ የሟችን ስም አይከለክልም፤ የሚጠይቀው የቤተሰብ ፈቃድና ከስሟ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ የመስቀል ምልክት፣ ከሥሩም «በሞት ተለይታለች» የሚል ማስታወሻ ብቻ ነው።

«ሁሉን ጨረስኩ፤ ያቺን መስቀል ግን እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «ያንቺ ደብዳቤ በሷ አድራሻ መጣ። የኢሜይሏን መክፈቻ ቃል አውቀዋለሁ። እሷ እንደምትመልሰው አድርጌ መለስኩ። አንቺም መልሰሽ ጻፍሽላት። ካንቺ ሌላ እሷን የሚያናግር ሰው አልነበረም እኮ። ሦስት ቀን ሙሉ በሕይወት ነበረች።»

«እራቱ ላይ አጠገቤ የተቀመጥከውስ?»

«መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ጠርጥረሽ እንደሆነ ለማየት።» ጠጠር አንስቶ ወደ ውኃው ወረወረና «መጀመሪያ ነው ያልኩሽ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢሎዲ እንቅልፍ አጣች። ሦስቱን ደብዳቤዎች እየከፈተች ታነባለች። ያሳቃት ቀልድ የማን ነበር? የሱ ነው እንዳትል የብሮንዊን አነጋገር ነው፤ የሷ ነው እንዳትል ብሮንዊን አፈር ውስጥ ናት። ቢሮ ውስጥ አዲስ መልእክት በገባ ቁጥር ያን ስም አየዋለሁ ብላ ልቧ ድንግጥ ይላል። ሰው ስታናግር እንኳ አንዲት ሴት ከኋላዋ ቆማ መልሷን የምትጠብቅ ይመስላታል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ጽሑፉ በጥቅምት ይወጣል። ብትናገር ጽሑፉ ሊወድቅ ነው። እሱ ከወደቀ ደግሞ የብሮንዊን ልፋትና ስም አብረው ይቀበራሉ፤ ካላምንም ታጣዋለች። እውነቱን ለመናገር አንድ ሳምንት ዝም ብላ ነበር። ግን ዝም ካለች እሷም ለሟቿ መልስ እየሰጠች መሆኑ ነው። ሦስተኛ ሰው እንዲህ መሀላቸው ተቀምጦ እንዴት ብሎ ነው ፍቅር የሚሆነው?

በስምንተኛው ቀን የጸሐፊዎች ጥፋት የሚጠቆምበትን ቅጽ አወጣች። ሦስት ገጽ ሞላች። የመጨረሻው ጥያቄ፣ ጥቆማ የሚያቀርበው ሰው ከጸሐፊው ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ነው፦ የሥራ ባልደረባ፣ ዘመድ፣ የጥቅም ተጋሪ፣ ሌላ ካለ ይገለጽ። አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ «እወደዋለሁ። እሱ አያውቅም» ብላ ጻፈች።

ዋና አዘጋጁ ዶክተር ፔቲፓስ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኢሎዲ፣ የዚህ ቅጂ በደንቡ መሠረት ለካላም ለራሱም እንደሚላክለት ረሳሽው እንዴ?»

ክው አለች። ያንን ደንብ ለስንቱ ጸሐፊ በገዛ እጇ ጽፋ የላከች ሰው!

«ይቺን መስመር ላውጣልሽ?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«እየቆረጥን የምንልክማ ከሆነ እሱን ምን ብዬ እከሰዋለሁ?» አለች። «እንዳለ ይሂድ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፋይሉ ከእጇ ወጣ። ስለ ጽሑፉ አንዲት ቃል እንዳትናገር ተከለከለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከካላም ድምፅ ጠፋ። ቅዳሜዎቹ መጥተው ሄዱ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ቅጂው ደርሶኛል» አለ ካላም። «ሦስት ገጽ ሙሉ ስትገድዪኝ ቆይተሽ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ...» አልጨረሰውም።

«ቅጹ ጠየቀኝ።»

«ባይጠይቅሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«አንተስ?»

እሱ በመልሱ ፈንታ የመጽሔቱን ውሳኔ ነገራት። ሁለት ዓመት እዚያ መጽሔት ላይ አይጽፍም፤ ለዩኒቨርሲቲውም ደብዳቤ ተጽፏል። ጽሑፉ ግን አልወደቀም። ለብሮንዊን እናት ደውሎ፣ እሳቸውም አልቅሰው ፈቅደዋል። የቀረችው ያቺው የመስቀል ምልክት ናት። የጽሑፉ የመጨረሻ ቅጂ ፊቱ ተከፍቷል፤ እስከ ስድስት ሰዓት መላክ አለበት። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ እያየው ነው።

«ኢሎዲ፣ ስልኩን አትዝጊብኝ።»

«አልዘጋም።»

አይዞህ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። እስትንፋሱን ሰማች። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ አንዲት ቁልፍ አንድ ጊዜ ስትጫን ሰማች።

ካላም አለቀሰ። እንደ ትልቅ ሰው አይደለም፣ እንደ ልጅ ነው ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው። ኢሎዲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ጠበቀችው። አላባበለችውም።

«ሞታለች እኮ» አለ በመጨረሻ፣ መርዶውን ገና አሁን እንደሰማ ሰው።

«አዎ፣ ሞታለች» አለች ኢሎዲ። «እኔ ግን አለሁ።»