ሚስስ ፔልሃም ደግመው ሲጠይቁ

ሚስስ ፔልሃም ሥጋና አጥንት ባይኖራቸውም፣ አዳማ ውስጥ አንቱ ሳይላቸው የሚያልፍ ሰው አልነበረም። በነፋስ ማማው አርባኛ ፎቅ ላይ፣ አበባ የታተመበት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ውጭ አገር መሄድ የሚፈልገውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ያነጋግራሉ። ጥላ ሰው ናቸው፤ ማለትም ከብርሃን የተሠሩ፣ የሚሰሙና የሚመልሱ ምስል። ሻያቸውና ኬካቸው ግን እውነተኛ ነው። ሻዩ በግድግዳው ውስጥ በቱቦ ይመጣል፤ ኬኩን የሚያቀርበው በብርሃን እጅጌያቸው ውስጥ የተደበቀ የብረት ክንድ ነው።

ተፈታኙ እንግዳ ሆኖ ይገባል። ሻይ ይጠጣል፣ አንድ ትንሽ ችግር ያስረዳል፣ ስለ አንድ ጉዳይ ሐሳቡን ይሰጥና ይወጣል። የብቃት ፈተናው የንግግር ክፍል ይህ ነው።

እርግጥ ጆሮ ገብ ከመጣ ቆይቷል። ሽምብራ የምታክል አስተርጓሚ ናት፤ ጆሮ ውስጥ ተቀምጣ የሰማችውን ሁሉ ወደ ባለቤቷ ቋንቋ ትመልሳለች። በእሷ ምክንያት የዓለም ሰው በየራሱ ቋንቋ እየተናገረ ይግባባል። ፈተናው ግን አልቀረም። ለምን እንዳልቀረ የጠየቀ ሁሉ “ደንብ ነው” ተብሏል። ደንቡ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ ገልጦ ያነበበው የለም።

ማኅደር ለፈተናው ስትቀመጥ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ሥራዋ የዓሣ በሽታ ማጥናት ነው። ሙያውን የመረጠችበትን ምክንያት ለሰው ስትናገር “ሐይቅ ስለምወድ” ትላለች፤ እውነቱ ግን ዓሣ ስለማያናግር ነው። በሰሜን ባሕር ወለል ላይ የተሠራ አንድ ላቦራቶሪ ሥራዋን አይቶ ቦታ ሰጥቷታል። ማዳመጧ፣ ማንበቧና መጻፏ እንከን የለውም። በንግግር ግን ሰባት ነጥብ ማምጣት አለባት፤ ያውም እስከ ዛሬ ማታ። ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

“ከዓሣ ጋር ለመሥራት የንግግር ሰባት ምን ያደርጋል?” ብላ ነበር አንድ ቀን ለአስጠኚዋ ለጋሼ መርዕድ።

“ዓሣው ቢያማርር ማን ይሰማዋል?” አሏት።

ሁለት ጊዜ የወደቀችው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሚስስ ፔልሃም ሻይ ትጠጣ እንደሆን ይጠይቃሉ። ማኅደር፣ እንደ ማንኛውም በደንብ ያደገ ሰው፣ “አይ፣ አመሰግናለሁ” ትላለች። ሚስስ ፔልሃም “እንደፈለግሽ” ብለው ለራሳቸው ይቀዳሉ። ማኅደር ሁለተኛውን ግብዣ ትጠብቃለች። አይመጣም። አፏ ይደርቃል፣ ሆዷን ቅር ይለዋል፤ ስለ አየር ጠባይ ስትጠየቅ የምትመልሰው እንደተቀየመ ሰው በአጭር በአጭሩ ይሆናል። ሁለቱም ውጤቶች “ተፈታኟ ፍላጎቷን መግለጽ አልቻለችም” የሚል አስተያየት ነበረባቸው።

ጋሼ መርዕድ ይህን ሲያነቡ መጽሐፉን ሁሉ ዘግተው ቴርሞስ አወጡ።

“ሻይ ትጠጫለሽ?”

“አይ ጋሼ፣ ይቅርብኝ።”

“ወደቅሽ።”

“በእውነት አላሰኘኝም እኮ።”

“ባያሰኝሽም እሺ በይ። እዚያ አገር የሚጠይቁሽ አንዴ ብቻ ነው።”

“ደግመው አይሉም?”

“ደግመው ቢሉ ሰውዬውን እንደ መናቅ ነው። አይ ካለ፣ አይ ብሏል።”

“ታዲያ ሰው እንዴት ይበላል?”

“ሲርበው ነዋ።”

ወሩን ሙሉ “እሺ” ማለትን አጠኑ። መጀመሪያ ላይ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ይቀላ ነበር። ጋሼ መርዕድ ሻይ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የለበሱትን ኮት አቅርበው አስለመዷት። በመጨረሻው ሳምንት ገና “ትፈል...” ሲሉ “አዎ፣ እባክዎ” የምትል ሰው ሆነች። “አሁን ባለጌ ሆነሻል፤ ሂጂና ተፈተኚ” ብለው መረቋት።

እንግዲህ ዛሬ ከሚስስ ፔልሃም ፊት ተቀምጣለች። ከመስኮቱ ውጭ የነፋስ ማማው ትልልቅ ክንፎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። የሰዓቱ ቁጥር ግድግዳው ላይ ወደታች መቁጠር ጀመረ። ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ የተባለው በእንግሊዝኛ ነው።

“ሻይ ትፈልጊያለሽ?”

“አዎ፣ እባክዎ” አለች ማኅደር።

ሚስስ ፔልሃም ቀና ብለው አዩዋት። የብርሃን ቅንድባቸው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። “ወዲያው?” አሉ። ከዚያም ነገሩን ላለማባባስ የፈለጉ ይመስል ዓይናቸውን ሰብረው ቀዱላት፤ ግማሽ ሲኒ።

ማኅደር ደነገጠች። ጋሼ መርዕድ ይህን አልነገሯትም። ቢሆንም የተማረችውን አልለቀቀችም፤ ኬክ ሲቀርብላት “አዎ፣ እባክዎ” አለች። በላች። ሁለተኛ ቁራጭ መጣ፤ በላች። ሦስተኛው ሲመጣ ቁርሷም ጭምር ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር።

“አመሰግናለሁ፣ በቃኝ።”

“ይቺን ብቻ።”

“በእውነት ጠግቤያለሁ።”

“ምን በላሽና ነው? ቤቴን ንቀሽ ነው?”

“ኧረ በፍጹም፣ ሚስስ ፔልሃም።”

“እንግዲያውስ ስለ እኔ ብለሽ” አሉና የብረት ክንዱ ቁራጩን ከሳህኑ አንስቶ ወደ አፏ ተጓዘ።

ማኅደር ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳበች። ክንዱ ተከተላት። ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ግራ ዞረ። የሰዓቱ ቁጥር ይወርዳል፤ ከፈተናው ጥያቄዎች አንዱም ገና አልተጠየቀም። ያችን ላቦራቶሪ፣ በመስታወት ጣሪያዋ ላይ የሚያልፉትን ዓሣዎች፣ ጸጥታዋን አሰበች። ሁሉም በአንድ ቁራጭ ኬክ ሊቀር ነው።

“ሚስስ ፔልሃም፣ እባክዎ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝ።”

“ከበላሽ በኋላ።”

“ጥያቄ ካልጠየቁኝ እወድቃለሁ። ከወደቅሁ አልሄድም።”

“ልትሄጂ ነው? ባዶ ሆድሽን?”

ዓይናፋር ሰው ሲመረው እንደ ማንም አይደለም። ማኅደር ተነሥታ ቆመችና፣ በሁለት ፈተና ያልወጣት እንግሊዝኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣላት። ቤታቸው እንደ ቤቷ እንደሆነ፣ ኬኩ ጣፋጭ እንደሆነ፣ ነገር ግን የሰው ሆድ የራሱ ልክ እንዳለው፣ እንግዳን ማክበር አንድ ነገር፣ ማፈን ሌላ ነገር እንደሆነ አስረዳች። ስለ ተቀለበ ዓሣም ነገረቻቸው፤ ሲበዛበት በገዛ መኖው እንደሚሞት። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አንድ ጊዜም ቀለደች። ሚስስ ፔልሃም በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣

“እንዲህ ስትናገሪ ደክሞሻል፤ ያዢ” አሉ። አፏ ክፍት ስለነበር ክንዱ አልሳተም።

የማዕከሉ ቴክኒሻን ናትናኤል በሩን ከፍቶ ሲገባ ሰዓቱ አልቆ ነበር። ኬክ አፏ ውስጥ ሆኖ አየችው። ሶፍት ሰጣት። ቀልቡ የተረጋጋና እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነበር።

“አንቺንም?” አለ በአማርኛ።

“ምን ሆነው ነው?”

“ሰው ሆኑ” አለ ናትናኤል። “አምና ከተፈታኞች ራሳቸው እንዲማሩ ተደረገ። ታዲያ ከማን ይማሩ? ከኛ። አንድ ዓመት ሙሉ የመጣው ሁሉ አይ ይላቸዋል፣ ከዚያ ኬኩን እያየ ይቁለጨለጫል። እሳቸውም በዚህ ወር ገባቸው፤ እዚህ አገር አይ ማለት ‘ደግመሽ ጠይቂኝ’ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይበላ አይወጣም።”

“ማንም አልተናገረም?”

“ማን ይናገራል? ብዙ የበላ ብዙ ነጥብ ነው የሚያገኘው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ዘጠኝ አመጣ፤ ተደግፎ ነው የወጣው።”

“እኔ ስንት አገኘሁ?”

ናትናኤል በእጁ የያዘውን የውጤት ሰሌዳ ተመለከተ። “ምንም። ስለ ዓሣው መኖ ያወራሽው ነገር ዋናውን መሥሪያ ቤት ሳያስደነግጥ አልቀረም፤ ንግግሩን ሁሉ ከዚያ ሆነው ይሰማሉ፤ ፈተናውን አቁመውታል። ምርመራ ሊያደርጉ ነው።”

“እስከ መቼ?”

“ወር። ሁለት ወር።”

ማኅደር ሶፍቱን አጣጥፋ ያዘችው። አላለቀሰችም፤ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠችበት ሁኔታ ናትናኤልን አላስቻለውም። ወጥቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። በክፍሉ የመስታወት ግድግዳ በኩል ሲያወራ፣ እጁን ሲያወናጭፍ፣ አንዴ ደግሞ እንደ ሕፃን ሲለማመጥ አየችው። ተመልሶ ሲመጣ፣

“ሰው ይፈትንሻል” አላት። “አሁኑኑ። ፈታኝ ሰው አንዲት ብቻ ናት አሉ የቀረችው። አደራ፣ በደንቡ ነው፤ አንዴ ብቻ።”

ሚስስ ፔልሃም ጠፉ። በወንበሩ ላይ በምትካቸው አንዲት ሴት ታየች፤ ብርሃንነቷ አንድ ቢሆንም ይቺኛዋ በሌላ አገር ቢሮ ውስጥ በእውነት የተቀመጠች ሰው ነበረች። ሚስ ሃርግሪቭ ትባላለች። ፀጉሯ በቸልታ ተይዟል፤ ከኋላዋ ባዶ ጠረጴዛዎች ይታያሉ።

“ክፍል አንድ” አለች ከወረቀት እንደምታነብ። “አንቺ ባለቤት ነሽ፣ እኔ እንግዳ። አስተናግጂኝ።”

“ሻይ ይፈልጋሉ?” አለች ማኅደር።

“አይ፣ አመሰግናለሁ።”

የቀረው ቀላል ነበር። “እንደፈለጉ” ማለት፤ ከዚያ ወደ ክፍል ሁለት። ጋሼ መርዕድ ይህንንም አስጠንተዋታል። እንግዳው እምቢ ሲል ደግሞ የጠየቀ፣ የሰውን ቃል ያላከበረ ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። ማኅደርም ነጥቦቿን ቆጥራ የጨረሰች ሰው ነች፤ የሚቀነስ የላትም።

ነገር ግን ያን “አይ” ታውቀዋለች። ከመምጣቱ በፊት ትንሽ የዘገየ፣ ከወጣ በኋላ ዓይኑን መሬት ላይ የጣለ “አይ” ነበር። የራሷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው። እዚያም አገር አለ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ተከትሎት የሚመጣ የለም።

ከመስታወቱ ጀርባ ናትናኤል “ቀጥይ፣ ቀጥይ” እያለ እጁን ያሽከረክራል።

“እርግጠኛ ነዎት?” አለች ማኅደር።

ናትናኤል ግንባሩን ያዘ።

ሚስ ሃርግሪቭ ቀና አለች። “ምን አልሽ?”

“ምሳ የበሉ አይመስለኝም።”

ሴትዮዋ ወረቀቷን አየች፤ ለዚህ የተጻፈ መልስ አልነበረም። “አልበላሁም” አለች። “ትናንትም አልበላሁም መሰለኝ” ብላ ጨመረች፤ ገና አሁን የታወቃት ትመስላለች።

“እንግዲያው መጀመሪያ ይብሉ። እኔ እጠብቃለሁ።”

“ሰዓትሽ እየቆጠረ ነው።”

“አውቃለሁ።”

ሚስ ሃርግሪቭ ተነሣች። ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ቁጥሩ ግን ይወርድ ነበር። ማኅደር እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ናትናኤል ለመስታወቱ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ማየት አልቻለም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ዳቦ በአይብና ትልቅ ኩባያ ሻይ ይዛ ተመለሰች፤ ገና ሳትቀመጥ እየጎረሰች።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያየው የለም። ሚስ ሃርግሪቭ የዓሣ ሆድ ለምን እንደሚያብጥ ጠየቀች። ማኅደር ዓሣ ብቻውን ሲቀመጥ መብላት እንደሚያቆም ነገረቻት። ሚስ ሃርግሪቭ ባልደረቦቿ አንድ በአንድ በጥላ ሰው መተካታቸውን ነገረቻት፤ የመጨረሻዋ ባልደረባ ስትሰናበት “ደህና ነሽ?” ብላት እንደነበር፣ እሷም “ደህና ነኝ” ማለቷን፣ ነገሩ በዚያው ማለቁንም። ሰዓቱ ያለቀው ማኅደር በዓረፍተ ነገር መሃል፣ ሴትዮዋ በጉርሻ መሃል ላይ ሳሉ ነው።

ውጤቱ የወጣው ማኅደር ገና ከወንበሯ ሳትነሣ ነበር። ናትናኤል ሰሌዳውን ደጋግሞ አነበበ።

“ንገረኝ እንጂ።”

“ሰባት” አለ። “ልክ ሰባት። አስተያየት አለበት።”

ሰሌዳውን አዞረላት። “ተፈታኟ እንግዳው እምቢ ካለ በኋላ ደግማ ትጠይቃለች። ይህ ስህተት ነው፤ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ስህተቱ ግን እንዳይታረም።”

ናትናኤል አስተያየቱን ቆርጦ ነጥቡን ብቻ መላክ እንደሚቻል ነገራት፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ማኅደር ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሙሉውን፣ ስህተቱንም ጨምራ፣ ወደ ባሕሩ ወለል ላከችው።

መልሱ የደረሳት በተንጠልጣዩ ባቡር ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ፀሐይ በማማዎቹ ክንፎች መሃል እያዘቀዘቀች ሳለ ነው። አጭር ነበር።

“ነጥቡን አይተናል፤ በቂ ነው። አስተያየቱን ደግሞ ለሁሉም አነበብንላቸው። እዚህ ታች ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ሁላችንም ደህና ነን እንባባላለን። እባክዎ ቶሎ ይምጡ።”