የድልድዩ ደፍ

ጦርነቱ በገባ በሦስተኛው ዓመት፥ በክረምቱ መውጫ፥ ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ደፍርሶ ይወርድ ነበር፤ በምሥራቁ ኮረብታ ላይ የጠላት ድንኳን ከታየ ወዲህ መኳንንቱ በሠረገላ፥ ነጋዴው በበቅሎ፥ ድኻው በእግሩ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተሻግሮ አለቀ፤ በምሥራቁ በኩል የቀረ ሰው ቢኖር መሸሽ የማይችል ወይም የተረሳ ብቻ ነበር።

የተረሱት በግንብ በታጠረ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። መንግሥት «የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ» ይለዋል፤ ሕዝቡ ግን «የእብዶች ግቢ» ይለውና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሐኪሙ «ትእዛዝ ተቀብዬ እመለሳለሁ» ብሎ ከመኳንንቱ ጋር እንደ ሄደ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ስለ ቀረ፥ የግቢው ኃላፊነት ሁሉ በዋናዋ አስታማሚ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ይህችን ሴት ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እትዬ ቀስ በሉ» ይሏት ነበር፤ እርሷም ታውቃለች፥ አትቆጣም። በእርሷ ቤት አስታማሚ አይሮጥም፥ አይጮህም፥ ቁልፍ አያንቃጭልም። «አንዱ ከሮጠ ሁሉም ይሮጣል፤ ወዴት እንደሚሮጥ የሚያውቅ ግን አይኖርም» ትል ነበር። ሁለተኛው ሕጓ ከዚህም የከበደ ነው፤ ለሕመምተኛ አይዋሽም። መድኃኒቱ መራራ ከሆነ መራራ ነው፤ እናቱ ካልመጣች አልመጣችም።

እነዚህን ሕጎች ከሁሉ ይልቅ የሚፈትናት «አቶ ልግባ» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነበር። ቀድሞ የባሩድ ቤት ሹም የነበረ፥ ትከሻው የሰፋ፥ ንግግሩ የታረመ ሰው ነው፤ ነገር ግን እርሱ ብቻ የሚሰማው አንድ ድምፅ «ይህን ደፍ ከተሻገርህ ከወዲያ ያለው ሰው ይሞታል» ይለዋል። ስለዚህ በየበሩ ይቆማል፤ «ልግባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ግባ» ቢሉትም አይገባም። ከእርሷ በፊት የነበሩት አስታማሚዎች ገፍተውታል፥ ጎትተውታል፤ አንድ ጊዜም ሲታገሉት ከበሩ መቃን ጋር ተጋጭቶ ጥርሱ ተሰብሯል። እትዬ ግን ራሷ ቀድማ ደፉን ትሻገርና ፊቷን ወደ እርሱ መልሳ «ገብቻለሁ፤ ደህና ነኝ» ትለዋለች። ከዚያ ትጠብቃለች። እርሱም አለመሞቷን አይቶ ልቡ ሲያምን ይገባል። ምሳው የሚበርድበት ቀን ብዙ ነው፤ «ማስታመም እኮ ግማሹ መጠበቅ ነው» እያለች ታሞቅለታለች።

ወደ ግቢው ያመጡት የአንድ ትልቅ ቤት አሽከሮች ነበሩ። «ዘመድ የለውም» ብለው አስረክበውት ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የዚያ ቤት የበኩር ልጅ በንዳድ ሞተ ተብሎ በከተማው ተለቀሰ፤ እትዬ ሰማች፤ የተለቀሰለት ማን እንደ ሆነም ገባት።

እንግዲህ በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ፥ ድልድዩ ዛሬ በባሩድ እንደሚፈርስ አዋጅ ነጋሪው በወዲያ ማዶ ሲጮህ ተሰማ። እትዬ ሕሙማኑን አንዱ የሌላውን ልብስ ጫፍ አስይዛ በረድፍ አሰለፈቻቸው፤ ከኋላ በረኛውን አቆመች፤ በሩንም ከፍታ ባዶ በቀረው መንገድ እንደ ዘወትሩ ሽርሽር ቀስ ብላ ትመራቸው ጀመር። ልቧ ግን ከእግሯ ቀድሞ ይሮጥ ነበር።

«እትዬ፥» አለ በረኛው፥ ግዙፍ ሰውነቱ በላብ ርሶ፤ «እኛ ቀስ እንላለን፤ ሞት ግን በፈረስ ነው የሚመጣው።»

«በፈረስ የመጣ ሰው ሲሮጥ ያየውን ነው የሚያሳድደው። እጃቸውን ያዝ።»

በዚህ መካከል ከኮረብታው መድፍ ተተኮሰ። በረኛው ሳያስበው ሮጠ፤ ወዲያው ረድፉ ተበጠሰ፤ ግማሹ ተከተለው፥ ግማሹ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እትዬ አልጮኸችም፤ ባለችበት ቆመች፥ ሻሿን ፈትታ እንደ ገና በዝግታ አሰረችው። አንድ በአንድ እያዩአት ተመለሱ፤ በረኛውም አፍሮ ተመለሰ። «ይቅርታ፥ እትዬ፤ እግሬ ነው እንጂ እኔስ አልሮጥሁም» አለ። የተቀመጡትን አነሣ፤ ሁሉም ከድልድዩ ደረሱ።

ድልድዩ ከምሥራቅ ጀምሮ እስከ መካከሉ ድንጋይ ነው፤ ከመካከሉ ወዲያ ሳንቃ ነው፤ የባሩዱ በርሜሎችም ሳንቃው በሚጀምርበት ቦታ ከሥር ታስረዋል፤ የእሳት ፈትላቸውም እስከ ምዕራቡ ጫፍ ተዘርግቷል። በምዕራቡ ጫፍ የድልድዩ አዛዥ የነበረው ሻለቃ፥ ማንንም ሳያምን ችቦውን በገዛ እጁ ይዞ ቆሟል። ሕሙማኑ አለፉ፤ ከመካከላቸው ቀድሞ ዳኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የዘቡን ወታደሮች አንድ በአንድ «በነጻ ተሰናብተሃል» እያሉ አለፉ፤ በረኛውም ሁለት የደከሙ ሴቶች ደግፎ አለፈ። አቶ ልግባ ግን ድንጋዩ አልቆ ሳንቃው ከሚጀምርበት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ልግባ?»

እትዬ ሳንቃው ላይ ወጣች፤ ዞረችም። «ገብቻለሁ፤ ደህና ነኝ።»

ሰውየው አየሩን አሸተተ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እትዬ፥ ከእግርሽ ሥር ባሩድ አለ።»

«የለም» የምትለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት፥ ከተቀበላትም ሁለቱም ይተርፋሉ። ነገር ግን ዕድሜውን በባሩድ ቤት የፈጀ ሰው አፍንጫውን ትቶ እርሷን አያምንም፤ አንድ ጊዜ ከዋሸችውም ከእንግዲህ በየትኛውም ደፍ ላይ «ደህና ነኝ» ብትል የሚሰማት የለም።

«አዎ፥ አለ» አለችው።

«እንግዲያስ ድምፁ እውነቱን ነው።»

«ባሩዱን በሚመለከት እውነቱን ነው። ባሩድ ግን በሰው እርምጃ አይነሣም፥ በእሳት እንጂ። ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«እሳቱ በማን እጅ ነው?»

ወደ ምዕራቡ ጫፍ ጠቆመችው።

በዚያው ጊዜ ከኮረብታው ሥር አቧራ ተነሣ፤ የጠላት ፈረሰኞች መውረድ ጀምረው ነበር። «ወይዘሮ!» ብሎ ጮኸ ሻለቃው፤ «ሰውየውን ይተዉትና ይሻገሩ! ያለዚያ ወታደር ልኬ አስጎትተዋለሁ!»

«ከነኩት ወደ ወንዙ ይዘላል! እርስዎ ራስዎ ይምጡ!»

ወታደሮቹ ወደ አዛዣቸው ዞሩ። እርሱ ግን የሚያየው እርሷን አልነበረም፤ ከኋላዋ የቆመውን ሰው ነበር። አንድ አፍታ አመነታ፤ ከዚያ ችቦውን እንደ ያዘ መጣ። ሲቀርብ እትዬ ደነገጠች፤ ያው ግንባር፥ ያው ሰፊ ትከሻ፥ ቁርጥ አቶ ልግባን! በሕይወት እያለ የተለቀሰለት የበኩር ልጅ ታናሽ ወንድም እርሱ ነበር።

ሻለቃው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ለአገር ሁሉ ሞቷል ብለናል» አለ።

«ስለዚያ ልሟገትዎ አልጠራሁዎትም፥ ሻለቃ። ችቦውን ለእኔ ይስጡኝና ሳንቃው ላይ ይቁሙ፤ ከዚያ ተሻግሬያለሁ፥ ደህና ነኝ ይበሉት።»

«ችቦውን? ለእርስዎ? ወንዝ ውስጥ ቢጥሉትስ? ከተማው በሙሉ በዚህ ድልድይ ላይ ነው ያለው!»

«እሳቱ በእጅዎ እያለ ደህና ነኝ ቢሉት አያምንዎትም። እኔም አላምንዎትም።»

የፈረሶቹ ኮቴ ይሰማ ጀመር። ሻለቃው ችቦውን ሰጣት። ብልጭታው ሳንቃው ላይ እንዳይወርድ ክንዷን ከድልድዩ ውጪ ዘርግታ ከውኃው በላይ ያዘችው፤ አሁን የከተማይቱ ዕጣ የተንጠለጠለው በጣቶቿ ላይ ነበር።

ሻለቃው ባዶ እጁን በባሩዱ ላይ ቆመ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ቃል ግን ያላሰበው ነበር።

«ጋሼ፤ ተሻግሬያለሁ። ደህና ነኝ።»

አቶ ልግባ ከግንባሩ እስከ እግሩ ተመለከተው። «ትንሹ፥» አለ፤ «አንተ እኮ ውኃ ትፈራለህ። በጀርባዬ አዝዬ ነበር የማሻግርህ።»

«አሁንም እፈራለሁ፥ ጋሼ። ና፥ አብረን እንሻገር።»

ይህ እውነት ነበር፤ ጉልበቱ ሲብረከረክ ይታያል። አቶ ልግባም የታናሹን ጉልበት አየ፤ እጁን ዘረጋለት፤ ደፉን ተሻገረ።

ሦስቱ በዝግታ ሄዱ። ከኋላቸው የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ድንጋዩ ላይ ወጥተው ነበር፤ ከፊት ወታደሮቹ «ሩጡ! ሩጡ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሻለቃውም ሊሮጥ ቃጣው፤ እትዬ ግን «ቀስ» አለችው፥ ለሕሙማኗ በምትለው በዚያው ድምፅ። ዳርቻውን ሲረግጡ ችቦውን መለሰችለት። ፈትሉን ለኮሰ። ድልድዩ በላዩ ከነበረው የጠላት ግንባር ቀደም ጦር ጋር ወደ ሰማይ ተነሣና ወደ ወንዙ ወረደ።

ጭሱ ሲገለጥ ወታደሮቹ አዛዣቸውን በትከሻቸው ተሸከሙት። ከመካከላቸው አንዱ «ሻለቃ፥ ያ ሰውዬ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አላውቀውም» አለ ሻለቃው፥ ዐይኑን ሰብሮ። «ከእብዶቹ አንዱ ነው።»

ቃሉን እትዬም አቶ ልግባም ሰሙ። እርሷ ተቆጣች፤ እንባዋም መጣ፤ እርሱ ግን ጃኖውን አስተካከለ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ቀን ብዙ ጽፈዋል። ሻለቃው ድልድዩን ማፍረስ ያዘገየው ጠላት እስኪገባበት ሆን ብሎ በመታገሥ እንደ ሆነ፥ ይህም የታላቅ አዛዥ ብልሃት መሆኑን ሊቃውንቱ ተስማሙበት፤ በሌላ ጦር ሜዳ ከወደቀ በኋላም በወንዙ ዳር በብረት አጥር የተከበበ ሐውልት ቆመለት። ከእግሩ ሥር «ወንድሙን በንዳድ ቀብሮ ለአገሩ ብቻ የኖረ» የሚል ጽሑፍ ተቀረጸ።

እትዬ በምዕራቡ በኩል በተሰጣቸው አሮጌ መጋዘን ሕሙማኑን ስታስታምም አረጀች። ከሐውልቱ ምረቃ በኋላ አንድ ቀን ለሽርሽር ወደዚያ ወሰደቻቸው። አቶ ልግባ በአጥሩ በር ላይ ቆሞ ጽሑፉን ከሩቅ አነበበና የተሰበረ ጥርሱን አሳይቶ ሳቀ።

«ትንሹ ከልጅነቱም ይዋሽ ነበር» አለ። «እናታችን ስትገርፈው የማስጥለው እኔ ነኝ።»

ሳቁ ሲያልቅ የእግሩን ጫፍ ወደ ደፉ አስጠጋ። ከዚያ «ልግባ?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ የበሩን ደፍ ተሻገረች፤ ወደ እርሱም ዞረች። «ገብቻለሁ፤ ደህና ነኝ» አለችው፤ በሐውልቱ ጥላ ውስጥ ቆማም ጠበቀችው።