የኔታ የፈቀዱለት

ይህ የሆነ ነገር ነው። አላምንም የሚል ሰው ካለ አልፈርድበትም። እኔም ያን ቀን እዚያ ባልቀመጥ ኖሮ አላምንም ነበር።

ጥቅምት ሃያ ሁለት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ከደብረ ወርቅ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ የምትርቅ፣ ስሟን የማልጠራት የገጠር ቅኔ ቤት።

ጨለማ አልነበረም። ጅብም አልጮኸም። ፀሐይ ነበረች፤ ገበሬው ከማሳው፣ እኛም ከጉባኤያችን ነበርን።

እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው...

ታሪኩ የመምህራችን የየኔታ ገብረ ሚካኤል ነው። እንድጽፈው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። «ሁሉንም ጻፍ። አታስውበኝ» ብለውኛል።

የኔታ በዚያ አገር ስማቸው የገነነ የቅኔ መምህር ናቸው። ስማቸውን ያወጣችው አንዲት የአማርኛ ቅኔ ናት። ገና የዲማ ተማሪ ሳሉ፣ ራቅ ባለ ደብር በአንድ ንግሥ የተቀኟት።

«ደክሞ የሠራ ንብ ሳይቀምሰው ቢሄድም፣
ድካሙ በከንቱ ፈስሶ አይቀርም።»

አዋቂዎቹ ሁልጊዜ «የፊተኛዋ መስመር ወርቅ ናት» ይላሉ። ስለ ኋለኛዋ ዝም ይላሉ። «ድም» በ«ርም» ቤት አትመታም። የኔታም ይህን ያውቃሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሊያቃኗት ሞክረው አልሆነላቸውም።

ስልኩን የገዙት ለግእዝ መዝገበ ቃላት ብለው ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆይቶ በተመለሰ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቃል ሲፈልጉ ሌላ ገጽ ተከፈተባቸው።

«ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ይላል።

ሮቦት ምን እንደሆነ በውል አያውቁም። አለመሆናቸውን ግን ያውቃሉ።

ተጫኑ።

በማግስቱ ጉባኤው መሀል ስልኩ ጮኸ። አጠገባቸው የተቀመጠው ተማሪ ሳያስበው ዐየት አደረገ... ወዲያው አንገቱን ሰበረ።

ስክሪኑ ላይ እርቃኗን የቀረች ሴት ነበረች። ከሥሯም «በአቅራቢያህ ሴት ልጅ አንተን እየጠበቀ ነው» ይላል።

የኔታ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ስልኩን ከጋቢያቸው ሥር ወሸቁት። እዚያም ሆኖ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ።

አንዱን ሲያጠፉ ሁለት ይመጣል። ምግብ ሲባርኩ ይመጣል። ቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ ይመጣል።

ለማን ይናገሩ? «ምን ሲፈልጉ መጣብዎ?» ቢሏቸውስ? ቃል ነበር የምፈልገው ቢሉ ማን ያምናቸዋል?

ለሦስት ሳምንት ደበቁት። ሰው ሲመጣ ስልኩን ይገለብጡታል። ልጆቻቸው በሆንን በእኛ ፊት ቀና ብለው ማስተማር አቃታቸው።

ኋላ ግን ዘዴ ያገኙ መሰላቸው። ሥዕል የሌለበት ሲመጣ ጮክ ብለው እያነበቡልን ያስቁን ጀመር። ነውሩ በሳቅ የሚሸፈን መስሏቸው ነው።

«ስሙልኝማ ይህን! 'ተጠቃሚ ሆይ፣ አንተ ዕድለኛ ናት። ስልክህ ሰባት ቫይረስ ነው አለባቸው።'»

ሳቅን።

የኔታም ስልኩን እንደ ሰነፍ ተማሪ ገሠጹት። «አንተ ደንቆሮ! 'ዕድለኛ ነህ' ነው የሚባል። 'ሰባት ቫይረስ አለበት' በል!»

በማግስቱ፣ በዚያው በጉባኤያችን ሰዓት፣ በዘጠኝ...

«ተጠቃሚ ሆይ፣ ዕድለኛ ነህ። ስልክህ ሰባት ቫይረስ አለበት።»

አጋጣሚ ነው አልን። ግን ሳቃችን ቀነሰ።

የኔታ ግን መምህር ናቸው። ስሕተት ሲያዩ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «ለትልቅ ሰው 'ነህ' አይባልም። 'ነዎት' በል» አሉት።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት፤ «ዕድለኛ ነዎት።»

በሦስተኛው ቀን፤ «የኔታ፣ እንዴት ዋሉ?»

ያን ቀን የሳቀ የለም።

«ማነው 'የኔታ' ያለው?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ጉባኤው ሲበተን የኔታ ብቻቸውን ቀሩ። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አንዲት ቃል ብቻ ናት።

«ገብርዬ...»

የኔታን በሕይወታቸው «ገብርዬ» ብሎ የጠራቸው አንድ ሰው ነው። አበባው ይባላል። የዲማ የጎጆ ባልንጀራቸው።

አበባው ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

በማግስቱ ለጉባኤው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። አመማቸው ብለን ነበር። ለአንድ ተማሪ ቅኔውን እያረሙለት ሳለ አጎዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እኔ ነበርሁ ቅርብ።

«አንብበው» አሉኝ፤ ወደ ስልኩ ሳያዩ። «ጮክ ብለህ አንብበው። ይለይለት።»

አነበብሁት።

«የኔታ፣ ያቺን የንብ ቅኔ መቼ ነው የዘረፏት?»

በቅኔ ቤት መዝረፍ ነውር አይደለም። ቅኔ ዘረፈ ማለት ከራሱ አፈለቀ፣ ተቀኘ ማለት ነው። እኛም በየቀኑ የምንደክመው ለመዝረፍ ነው። ስለዚህ እኔ ሞኙ ነገሩን በቀናው ወሰድሁት።

«እውነት የኔታ፣ መቼ ነው የዘረፏት?» አልኋቸው ፈገግ ብዬ።

አዩኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም። ልብሱን በአደባባይ የገፈፉት ሰው ይመስላሉ።

«ተነሡ» አሉ። «ለዛሬ በቃ።»

ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ በማግስቱ በማለዳ ብቻቸውን ሚኒባስ ተሳፍረው ደብረ ማርቆስ ወረዱ። መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምትጠግን መቅደላዊት የምትባል ወጣት አለች። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ ውጭ ቆመው ጠበቁ።

«አባቴ፣ ይግቡ። ምን ሆነብዎ?»

«ነውር...» አሉ በሹክሹክታ። «ነውር ይልክብኛል።»

መቅደላዊት አልሳቀችም። ስልኩን ተቀብላ ነካ ነካ አደረገች። «በየቀኑ በዚህ የሚመጣ ሰው አለ። ቄሱም፣ መምህሩም፣ ሽማግሌውም። ሁሉም እንደ እርስዎ አፍሮ፣ ከርሞ ከርሞ ነው የሚመጣው።»

«ቫይረስ ነው?»

«ቫይረስ የለብዎትም። ይኸው፣ ለሦስት ድረ ገጽ ፈቅደዋል። በሩን ከፍተው ግቡ ስላሏቸው ነው የሚገቡት።» ሦስቱንም እያሳየቻቸው አገደቻቸው። «ከእንግዲህ ይህን ጥያቄ ሲያዩ 'አግድ' ይበሉ። የመጣውን መልእክት ደግሞ አይንኩት።»

የኔታ ትንፋሻቸው መለስ አለ። እንደዚህ ቀላል ነበር? ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዚህ ነው የተሸማቀቁት?

«ልጄ... እነዚህ ሰዎች ስም ያውቃሉ?»

«የማንንም ስም አያውቁም። ለሺህ ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚልኩት።»

«ያለፉትን ማየት ይቻላል?»

ከፈተችላቸው። ጣቷን ወደ ታች እየሳበች አነበበች። «ሽልማት... ቫይረስ... ሴት... ደግሞ ሽልማት...»

«'የኔታ' የሚል የለም?»

«የለም።»

«'ገብርዬ' የሚልስ?»

ቀና ብላ አየቻቸው። «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሁሉም በማሽን የተተረጎመ ቅራቅንቦ ነው።»

እኔ ግን «የኔታ» የሚለውን በጉባኤው አንብቤዋለሁ። በዓይኔ።

መቅደላዊት ለማንኛውም ብላ ሲም ካርዱን አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስልኩን አጥፍታ አበራችው።

መዳፏ ላይ እንዳለ ጮኸ...

ፊቷ ተለወጠ። ቀስ ብላ እንደምትቆጥር ሰው አነበበችው።

«ለቀረ ጓደኛ... ማር ማለት አይከብድም።»

«ምንድን ነው ይሄ? ማር ሊሸጡልዎ ነው?» አለች። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። «ሲሙ እኮ... እዚህ ነው ያለው...»

ስልኩን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

የኔታ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሌላው ሰው የማይሰማውን እሳቸው ሰምተውታል። ማር የንቡ ማር ነው። ማር ደግሞ «ይቅር በል» ነው።

ቤቷ መታች። «ቢሄድም... አይከብድም።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጧት መዝጊያ ይህች ነበረች።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው አለቀሱ። የከፋው ግን ሌላ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣባቸው፤ «ይህችን መዝጊያ የሚያውቅ የለም። በሚቀጥለው ንግሥ የእኔ ናት ብልስ?»

ይህን ማሰባቸውን የነገሩኝ መሬት መሬት እያዩ ነው። «መዝጊያዋን የሰጠኝ ሙት ነው። እኔ ግን ያን ጊዜም ልሰርቀው አሰብሁ» አሉኝ።

ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሃያ ስድስታችንን ሰበሰቡን። አጎዛቸው ላይ አልተቀመጡም። ቆሙ።

«የፊተኛዋ መስመር የእኔ አይደለችም» አሉ።

ያልሰማን መሰላቸው። ደገሙት።

«አበባው የሚባል ባልንጀራ ነበረኝ። ንዳድ ያዘው። በንግሡ ዋዜማ ያቺን መስመር ነገረኝ። 'መዝጊያዋን ነገ እነግርሃለሁ፤ አሁን ግን ብቻዬን ጥለኸኝ አትሂድ' አለኝ። እኔ ግን ሄድሁ። በእሱ መስመር 'ይበል! ይበል!' ተባልሁ። ሰው ሁሉ ሲያከብረኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ እዚያው ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመለስ...»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስመለስ ቀብረውት ነበር። ለተዝካሩ ታላቅ እኅቱ መጣች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። 'ሲሞት አብረኸው ነበርህ?' አለችኝ። 'አዎ፣ እጁን ይዤው ነበር' አልኋት።»

ቀና ያለ ተማሪ አልነበረም። ያፈሩት እሳቸው ናቸው፤ ያቀረቀርነው ግን ሁላችንም ነን። እኔ በተለይ። «መቼ ነው የዘረፏት?» ያልሁት ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

በመጨረሻ «ነገ እኅቱ ዘንድ እሄዳለሁ» አሉ። «ከእሷ በኋላ ካልናቃችሁኝ አስተምራችኋለሁ።»

በማግስቱ ብቻቸውን ሄዱ። ከዚህ በኋላ ያለውንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

የአበባው እኅት የብርጓል ትባላለች። ከዲማ ወዲያ ማዶ ትኖራለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ማንበብ አታውቅም፤ ስልክ የላትም። የኔታ ሲደርሱ ደጅ ላይ ጤፍ ታበጥር ነበር።

ያዘጋጁትን ሁሉ መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱት ነበር። ሲያዩዋት ግን ጠፋባቸው።

የብርጓል ሰፌዱን አስቀምጣ አየቻቸው። አልደነገጠችም።

«ዛሬም መጣህ?» አለቻቸው።

«ዛሬም...?»

«ምነው፣ የትናንቱ አልበቃህም?»

«እኔ... ትናንት? ስንት ሰዓት ላይ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነዋ። ከብቶቹን ውኃ ላወርድ ስል።» ግራ ገባት። «ኧረ ምን ሁነሃል? ሁሉንም ነገርኸኝ እኮ። እጁን አለመያዝህን፣ ጥለኸው መሄድህን። እመደቡ ላይ ተቀምጠህ አለቀስህ። እኔም አለቀስሁ። ኋላ ይቅር ይበልህ አልሁህ። ጉልበቴን ስመኸኝ ሄድህ።»

በዘጠኝ ሰዓት የኔታ እኛ ፊት ቆመው ነበር። ሃያ ስድስት ምስክር አለ።

«እቴ የብርጓል...» አሉ። «ብቻዬን ነበርሁ?»

«ከዚያ ሰው ጋር ነዋ።»

«ከማን ጋር?»

«ፊቱን በነጠላ ከሸፈነው ጋር። ቃል አልተነፈሰም። ጠላ ብቀዳለት አሻፈረኝ ብሎ በእጁ መለሰልኝ። ብርጭቆው እንኳ ይኸው እንደ ተቀመጠ ነው፤ አላነሣሁትም። ግባና እየው።»

ገቡ።

መደቡ ላይ ሁለት ብርጭቆ ተቀምጧል። አንዱ ባዶ ነው። ሁለተኛው እስከ አፉ ሙሉ ነው።

የትናንት ጠላ ነው። አረፋው ግን ገና አልሰከነም... ጭስስስ ይላል፤ አሁን የተቀዳ ይመስል።

የኔታ በሩ ላይ ቆመዋል። የብርጓል ከኋላቸው ናት። መደቡ አጠገብ ማንም የለም።

ጠላው መጉደል ጀመረ።

ቀስ እያለ። ትንሽ ጎድሎ ቆም ይላል... ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው። ደግሞ ይጎድላል።

የብርጓል በየኔታ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። አልጮኸችም።

«አበባውም ቆም ቆም እያለ ነበር የሚጠጣ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ግን እንቢ ብሎኝ ነበር።»