የመሪጌታው ጉሬዛ

በ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.፣ ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከጮቄ ራስ የተነሣው ደመና በጎጃም ምድር ላይ ቁልቁል ወረደ፤ ከደምበጫ በላይ ባለችው በዋሻ ሚካኤል ደብር ጽዱንና ወይራውን አጥቦ ሲያልፍ የቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆ ሁሉ አፈሰሰ። ገበሬው ዝናሙን በእልልታ ተቀበለው፤ ተማሪው ግን የራሰ ደበሎውን እየጨመቀ «ጌታዬ፣ ለማሳው ያልኸውን ለማሳው ብቻ ብታደርገው ምን ነበር?» እያለ ወደ ሰማይ ይሟገት ነበር።

የደብሪቱ ነባር የቅኔ መምህር ካረፉ ወዲህ በምክትልነት የሚያስተምሩት መሪጌታ አካለ ወልድ ነበሩ። ቅኔያቸው ከደብረ ወርቅ እስከ ደምበጫ በየማኅሌቱ የሚጠቀስላቸው ሊቅ ናቸው፤ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ግን ከቅኔያቸው ቀድሞ የሚነሣ ነገር ነበር፤ እርሱም ጉሬዛው ነው።

በዚያ ዘመን፣ አእምሮ ይከፍታል፣ የሰሙትን አያስረሳም እየተባለ፣ አብሾ የሚሉትን ከዕፅ የሚዘጋጅ መጠጥ በስውር የሚጠጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ አካለ ወልድም በወጣትነታቸው ጠጡ። ከሌሎቹ ጠጪዎች አንዱ ሲያብድ፣ አንዱ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ እርሳቸው ዘንድ ጉሬዛ መጣ። ገላው ጥቁር፣ ከትከሻው ነጭ የተጎናጸፈ፣ ጋቢውን የደረበ ደብተራ የሚመስል ጉሬዛ፣ ቅኔ ባሰቡ ቁጥር ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ጉብ ይላል፤ ከእርሳቸው በቀር የሚያየው የለም። ቅኔው ከሠመረ አናቱን ይነቀንቃል፤ ከተበላሸ ብብቱን ያካል። መሪጌታ በማኅሌት መካከል ቀና ብለው «ምን ያሳክክሃል? ቆይ፣ ይቃናል!» ሲሉ ካህናቱ ለምደውታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳንም «እኔ የተዳርሁት ለአንድ፤ የምኖረው ከሁለት ጋር» እያሉ ጎረቤት ያሥቁ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ባዶውን የመምህርነት ወንበር ለሚገባው ሊያጸኑ ሊቃውንት ከደብረ ማርቆስ እንደሚመጡ ተሰማ። ወንበሩን የሚፈልጉ ሌላ ሰው ነበሩ፤ መሪጌታ ገዳሙ ይባላሉ። እኚህ ሰው አዋቂም ነገረኛም ናቸውና፣ በየደጀ ሰላሙ እየዞሩ «እርግጥ ነው፣ ቅኔው ግሩም ነው፤ እንግዲያስ ወንበሩን ለጉሬዛው ስጡታ!» ይሉ ጀመር። አካለ ወልድ ቀልዱን ሲሰሙ ከሰው ሁሉ አብልጠው ሣቁ፤ በልባቸው ግን ነገሩ እንደ እሾህ ተሰካ። የዕድሜ ልክ ቅኔያቸው የእርሳቸው ነው ወይስ የዕፅ? መልሱን አያውቁትም ነበር፤ አለማወቃቸውም አሳፈራቸው።

በዓሉ ሲቃረብ ምስጋናው የሚባል ጢማም ተማሪያቸው ጠፋ። ጓደኞቹ ፈልገው ሲያገኙት፣ ከጫካው ዳር አንድ ደረቅ ወይራ አቅፎ «እናቴ፣ ምነው እንዲህ ደረቅሽ? ማን አስራበሽ?» እያለ ያለቅሳል። አብሾ ጠጥቶ ኖሯል። ተማሪዎቹ በሣቅ ተንከባለሉ፤ አንዱም «ለየኔታ ጉሬዛ፣ ለእርሱ እናት መጣችለት፤ ለእኔ ደግሞ ማን ይመጣልኝ ይሆን?» አለ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። የተማሪው ሁሉ ዓይን የሚያየው እርሳቸውን ነው፤ በአብሾ ሊቅ ሆኑ ከተባለ ነገ የተማሪው ጉባኤ በሙሉ ዛፍ ሲያቅፍ ሊውል ነው።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የአብሾ ማርከሻ ያውቁ ነበርና ቀምመው፣ መሪጌታን አስከትለው ከወይራው ሥር ድረስ በዋንጫ አቀረቡ። ምስጋናው ግን ጥርሱን ነከሰ።

«የኔታ፣ እርስዎ በእርሱ ከብረው፣ በእኔ ላይ ለምን ያረክሱታል? እርስዎ ከጠጡ እጠጣለሁ፤ አለዚያ ከእናቴ አትለዩኝ» አለና ወይራውን አጥብቆ አቀፈ።

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ዋንጫው ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። ባለቤታቸው ዋንጫውን እንደያዙ «ምነው ፈሩ? የሚሄደው ጉሬዛው ነው፤ እርስዎ ይቀራሉ» አሏቸው።

«የምቀረው እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ፣ ወለተ ኪዳን?»

«ስንጋባ ቅኔ ሰምቼ መሰለዎት የወደድሁዎ? ይቀራሉ እልዎታለሁ።»

መሪጌታ ዋንጫውን ተቀብለው እኩሌታውን ጨለጡና የቀረውን ለተማሪያቸው ሰጡት። ምስጋናው ጠጥቶ አንቀላፋ፤ ሲነቃ ከወይራው ተላቆ ቁራሽ ጠየቀ። እርሳቸው ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቀና ቢሉ፣ ወጋግራው ላይ ከሸረሪት ድር በቀር ምንም አልነበረም።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ሕዝቡ ከዝናብ ለመጠለል በደጀ ሰላሙ ተጨናንቆ ቆመ። የሊቃውንቱ አለቃ በወንበር ተቀመጡ፤ ስማቸው አለቃ ይታያል ነው፤ ስማቸው ይታያል ይባል እንጂ ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ ጆሯቸው ግን ሥጋጃ ላይ የወደቀች መርፌ ይሰማል ይባልላቸው ነበር። መጀመሪያ መሪጌታ ገዳሙ ተነሥተው ቅኔ ዘረፉ፤ እውነት ለመናገር ቅኔያቸው ያማረ ነበርና ጉባኤው «ይበል! ይበል!» አላቸው።

መሪጌታ አካለ ወልድ ተነሡ። እንደ ልማዳቸው ቀና አሉ፤ አናቱን የሚነቀንቅ የለም፣ ብብቱን የሚያክ የለም። ቅኔውን ሳይጀምሩ ጣሪያውን ብቻ ይፈልጉ ጀመር።

«ምነው፣ ባልንጀራዎ ዝናሙ ያዘው?» አሉ መሪጌታ ገዳሙ፤ ሕዝቡም ሣቀ። ከተማሪዎቹ መካከል የቆመው ምስጋናው ብቻ ከንፈሩን ነክሶ ቀረ።

አለቃ ይታያል በመቋሚያቸው መሬቱን መቱና «መሪጌታ፣ በግእዙ መራቀቅዎን እኛም እናውቃለን፤ ዛሬ ግን ሕዝቡ የሚያማዎትን ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ ይመልሱልን። ቅኔዎን ከየት ይቀዱታል? ከአብሾ ነው?» ብለው ጠየቁ።

መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከጣሪያው አውርደው የሰውን ፊት አዩ። ምስጋናው አለ፤ ከሴቶቹ መካከልም ወለተ ኪዳን አሉ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ቀስ ብሎ መጣ፦

ቅኔ ከየት ቀዳህ ለሚለኝ ለዚህ ሰው፣
መልሴ አንዲት ቃል ናት፤ እርሷም አብሾሞኝ ነው።

መሪጌታ ገዳሙ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ። «ሰማችሁ? አብሾ አለ! በገዛ አፉ መሰከረ!»

«ይቀመጡ፣ መሪጌታ ገዳሙ» አሉ አለቃ ይታያል ፈገግ ብለው። «ቃሉን ከአንገቱ ቆርጠው ይዘው ሮጡ እኮ። መሪጌታ አካለ ወልድ ‹አብሾ› ካሉ በኋላ ምን አሉ?»

«ሞኝ ነው...» አሉ መሪጌታ ገዳሙ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣም ፊታቸው ቀላ።

«እህ! አብሾ ሞኝ ነው። ሰሙ ይህ ነው፤ ሞኝ ምን ያስተምራል? እስቲ ደግሞ ቃሉን ከወዲህ ክፈሉት።»

ካህናቱ ቃሉን በየከንፈራቸው ያላምጡ ጀመር። ቀድሞ የፈታው ግን ምስጋናው ነው፤ ከተማሪዎቹ መካከል ሆኖ «አብ ሾሞኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። አብ፣ እግዚአብሔር፣ ሾሞኝ ነው። ጉባኤው በአንድ አፍ «ይበል!» አለ፤ ካህናቱ መቋሚያ ለመቋሚያ ተጋጩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ ገዳሙም ነገረኛ ይሁኑ እንጂ የቅኔ ሰው ናቸውና፣ ወርቁ በጆሯቸው ሲገባ መሣቅ ጀመሩ፤ ሄደውም የተፎካካሪያቸውን ትከሻ ሳሙ። «አብ ከሾመዎ እኛ ምን ቀረን?» አሉ አለቃ ይታያልም፤ ወንበሩም በዚያው ጸና።

ከበዓሉ ሲመለሱ መሪጌታ አካለ ወልድ በመንገድ ላይ እንባቸው መጣ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ቅኔያቸው የእርሳቸው መሆኑን አውቀዋልና። ግን ጉሬዛው ናፈቃቸው።

«ዛሬ አለመኖሩ ቆጨኝ፤ ይነቀንቅልኝ ነበር» አሉ።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ነጠላቸውን አጣፍተው ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። «እኔ እነቀንቅልዎታለሁ» አሉ። «ብብቴን ግን አላክም።» ሁለቱም እየሣቁ ዳገቱን ወጡ።

መሪጌታ አካለ ወልድ በዚያ ወንበር እስከ ዕለተ ሞታቸው አስተማሩ፤ ከእግራቸው ሥር የተቀመጠ ተማሪ አብሾ መቅመሱ ዳግመኛ አልተሰማም። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ያልታመመን ሰው ማን ይቆጥረዋል? ሰው የሚያወራው ያበደውን ነው። ምስጋናው ራሱ መሪጌታ ሆኖ፣ አርጅቶም፣ «እኔ ጠጥቻለሁ፤ ያገኘሁትም ወይራ ነው» እያለ ሲመሰክር አድማጩ ይሥቅለታል እንጂ አያምነውም ነበር። ዛሬ ከደምበጫ በባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣ መንገደኛ፣ ያችን ግጥም በቃሉ የሚያወርድለት ሰው አያጣም፤ ሰሙንም ወርቁንም አሳምሮ ይፈታለታል። ፈትቶ ሲያበቃም ወደ ጆሮው ጠጋ ይልና «እንዲህ ያለ ቅኔ እኮ ያለ አብሾ አይወጣም» ይለዋል።