ሻንጣሽን ሦስት ሰዓት ላይ አመጣዋለሁ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። የፖሊሱ ሪፖርት እጄ ላይ አለ፤ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 9:07 ይላል። ቦታው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማችን ነው።

ጨለማ አልነበረም። ሳሎኑን ፀሐይ ሞልታው ነበር።

ትህትና እባላለሁ። ከዚያ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ የአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የደም ናሙና ሲመጣልኝ ስሙ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ ሦስቱም ካልገጠሙ አልቀበልም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።

በዋዜማው ግን ሰዓቱን ሳላጣራ ተቀበልኩ...

ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ስመለስ ሻንጣዬ አልመጣም። የሻንጣ ማዞሪያው ባዶውን እስኪዞር ድረስ ጠበቅኩ። ከኤርፖርቱ ሳልወጣ ሪፖርት አስሞላሁ። የሻንጣውን ቁጥር የያዘችውን ቁራጭ ወረቀት ፎቶ አነሳሁ። ውስጡ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ጻፍኩ።

ሠላሳ አንድ ዕቃ። የመጨረሻው የወንድ ቀበቶ ነው፤ ቡናማ ቆዳ፣ የነሐስ ዘለበት ያለው።

የወንድሜ የእንግዳወርቅ ቀበቶ ነው።

እኔ አልፈለግኩትም። ሻንጣዬ ውስጥ አልቅሳ የከተተችው እናቴ ናት። በዚያ ዘለበት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ግራ ቅንድቤን እንደተረተረኝ እሷም ታውቃለች። ከአገር ስወጣ በር ላይ ቆሞ፣ "አንቺ ብታመልጪ ከአንቺ የምትወጣው አታመልጠኝም" ብሎኝ ነበር።

ያኔ ልጅ አልነበረኝም። አሁን ሄኒ አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

እንግዳወርቅ ሰው ሲደበድብ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። የሄድኩት ልቀብረው ነበር። ሳጥኑ ሲወርድ አይቻለሁ። አፈሩ እስኪሞላ ድረስ ቆሜያለሁ።

እሑድ ጎረቤታችን ጋሽ ፀሐዩ "እንኳን ደህና ገባሽ" ሊሉኝ መጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን ስለሚኖሩ የእኛ ቁልፍ እሳቸው ጋ፣ የእሳቸውም እኛ ጋ ነው።

"ሻንጣሽስ?"

"አልመጣም ጋሼ።"

"ቪዛ ከልክለውት ይሆናላ!"

በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ሄኒም ሳቀች። "ጋሼ፣ ዛት ዋዝ ሶ ባድ!"

ከልቧ ስትስቅ የሰማኋት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ቁጥር አያሳይም።

"ትህትና ሳህሉ?"

"አቤት።"

"ሻንጣሽ ደርሷል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አመጣዋለሁ።"

በአማርኛ ነው ያናገረኝ። አልገረመኝም። እዚህ አካባቢ ዕቃ የሚያመላልሰው ብዙው የእኛ ሰው ነው። ድምፁ ግን የታፈነ ነበር... አፉ ላይ ጨርቅ እንደታሰረበት ሰው።

ከመጀመሪያው "አንቺ" አለኝ። አድራሻ አልጠየቀኝም። ሁለቱንም ልብ ብያለሁ።

"ቤት ሰው አለ?"

"ልጄ አለች፣ ትምህርት ዝግ ነው። ግን ሦስት ሰዓት ላይ እኔም እደርሳለሁ።"

ከጀርባው ሻ... ሻ... የሚል ድምፅ ይሰማል። አፈር የሚዛቅ ይመስላል።

"ልጅሽ ትበቃለች" አለና ዘጋው።

እዚህ "ሦስት ሰዓት" ስንባባል ከሰዓት በኋላ ሦስት ማለታችን ነው። ፈረቃችንም፣ አውቶቡሳችንም፣ የሐኪም ቀጠሯችንም በአሜሪካ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአለቃዬ ሁለት ሰዓት ላይ እንደምወጣ ነገርኳት። ለሄኒም ከሰዓት በኋላ ሻንጣ እንደሚመጣ ነገርኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ከአየር መንገዱ ተደወለ። ሴት ናት፤ ጨዋ አነጋገር ያላት።

"ሻንጣዎ ተገኝቷል። ገና አውሮፓ ነው ያለው፣ ሐሙስ ይገባል።"

"ትናንት ሾፌራችሁ ደውሎልኝ ነበር እኮ። ዛሬ አመጣዋለሁ ብሏል።"

"እኛ ማንንም አልላክንም።"

ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። 8:58።

በአገር ቤት አቆጣጠር... ለሦስት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ።

ሰውየው የቆጠረው በእኛ ሰዓት አልነበረም። አሜሪካ አንድ ቀን እንኳ ያልኖረ ሰው እንደሚቆጥረው ነው የቆጠረው።

ወደ ሄኒ ደወልኩ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ። ሦስቴ... ዘጋሁና እንደገና ደወልኩ። በአራተኛው ሙከራ አነሳች።

"ማሚ፣ ሻንጣሽ መጣ።"

"በሩን እንዳትከፍቺ!"

"ኦልሬዲ ከፈትኩ። ገብቷል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማሚ... አንክልሽ ነኝ ይለኛል። ኢዝ ሂ?"

"ውጪ። ሄኒ፣ አሁኑኑ ውጪ!"

"በሩ ላይ ቆሟል።"

"በመስኮት ጩኺ!"

"ማሚ... ልብሱ ለምንድን ነው አፈር የሆነው?"

ከዚያ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ረጅም ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚከፍተው።

ከዚያ ዘለበቱ ተንቃጨለ።

የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ሄኒ አልጮኸችም። ትንፋሿ ነው የተቆረጠው። ሁለተኛው ላይ ጮኸች። ሦስተኛው ላይ ስልኩ ወደቀ።

አራት። አምስት። ለምን እንደምቆጥር አላውቅም። ባልደረባዬ ብሩክታይት ፖሊስ እየጠራች ነው። እኔ በላብራቶሪው ስልክ ጋሽ ፀሐዩን አገኘኋቸው።

"ጋሼ! ሄኒን እየገደላት ነው! በቁልፉ ይግቡ!"

"ማን?" አላሉኝም። ስልኩን ሳይዘጉ ነው የሮጡት።

ስምንት። ዘጠኝ። አሁን ሄኒ ቃል አልነበራትም። ድምፅ ብቻ ነው።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

"ልቀቃት! አንተ ውሻ፣ ልቀቃት ብያለሁ!"

ጋሼ የመኪና ጎማ መፍቻ ብረት ይዘው ነው የገቡት። ሲመቱት በስልኩ ሰማሁ። ሰው የተመታ አይመስልም። የሞላ ጆንያ እንደመምታት ነው። ደግመው መቱት... ቀጥሎ የተሰበረው የእሳቸው ክንድ ነበር። ቁም ሣጥን እንደ ወደቀባቸው ያህል ጮኹ።

"ሄኒዬ፣ በእግሬ ሥር እለፊ! ተሳቢ! ሂጂ!"

የእጅና የጉልበት ኮቴ ምንጣፉ ላይ ሰማሁ። የጋሼ ማቃሰት። ኮሪደሩ ላይ የአንዲት ጎረቤት ጩኸት።

ከዚያ ፀጥታ።

አንድ ሰው ስልኩን ከመሬት አነሳው።

ሻ... ሻ... ትንፋሹ ነበር።

"ትህትና" አለ። "ሻንጣሽን ተረከቢ።"

ተቋረጠ።

የሄኒ መንጋጋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጀርባዋ ላይ አሥራ አንድ ሰንበር አለ፤ አራቱ ሥጋዋን ከፍተውታል። የጋሼ ክንድ በብረት ተያዘ።

ለፖሊሱ እንዲህ አሉት፤ እኔ ነኝ ያስተረጎምኩላቸው።

"ፊቱን አላየሁም። ብረቱ ጎኑ ውስጥ ገባ። ስስበው ደም አልወጣም። አፈር ነው የወጣው።"

ፖሊሱ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አልጻፋትም።

ቤቱ ውስጥ ሰውም ሻንጣም አልተገኘም። ምንጣፉ ላይ ከበሩ እስከ ሶፋው የተዘረጋ የሁለት የሻንጣ ጎማ መስመር አለ። ወደ በሩ የሚመለስ መስመር የለም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከሄኒ አጠገብ አልተነሳሁም። ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ወረቀት ለመፈረም ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሄድኩ። አራት ደቂቃ ነው የቆየሁት።

ስመለስ ሄኒ እንደተኛች ናት። ብርድ ልብሷ ላይ፣ ልክ ደረቷ ላይ፣ ተለጣፊ ወረቀት አለ። እኔም ደረቴ ላይ የለጠፍኩት ዓይነት ነው። ታች መግቢያው ላይ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ፎቶ አንስተው የሚያትሙት።

ነርሷን ጠራኋት።

"ማነው የገባው?"

ኮምፒውተሯን አየች። "ባለቤትዎ መስለውኝ። የአባት ስማችሁ አንድ ነው።"

በእኛ ባልና ሚስት የአባት ስም አይጋሩም። የሚጋሩት ወንድምና እህት ናቸው።

ወረቀቱን ከብርድ ልብሷ ላይ ላጥኩት። እንግዳወርቅ ሳህሉ ይላል። ዝምድና፦ አጎት።

ፎቶው ላይ ሰው የለም። ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው።

ከታች ጠርዙ ላይ ግን የሻንጣ እጀታ ይታያል። ተስቦ ረዝሟል... ሰው እንደያዘው ዘንበል ብሏል።

እጀታው ላይ የታሰረ ነገር አለ። ፎቶውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ሰማያዊ የፀጉር ማሰሪያ ነው።

ዞሬ ሄኒን አየኋት።

ከአጠገቧ ስነሳ ፀጉሯን በዚያ ሰማያዊ ማሰሪያ ያሰርኩላት እኔ ነበርኩ። አሁን ትራሱ ላይ ተበትኗል።