ነገ ይመጣል የተባለው ፊደል

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ኢኖኬንቲ ልቮቪች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ከሞቱ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ከሻያቸው ውስጥ ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። ከፊታቸው ያለው ኮምፒውተር ደግሞ የስንብት ደብዳቤ ይዟል ተባለ። በሩሲያዋ ቮሎግዳ ከተማ ክፉ ወሬን በረዶ አያግደውም፤ ነገሩ ከቄሱ ጆሮ ደርሶ ኖሮ «ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

የሟች እህት ካፒቶሊና መርማሪዋን ታይሲያን በር ላይ ያዟት።

«ልጄ፣ ቀብሩ ነገ ነው። ወንድሜን ያለ ጸሎት አፈር ላልብሰው?»

ታይሲያ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ሬሳውን ያገኘውን የሟቹን የወንድም ልጅ ግሌብን አስቀመጠችው።

«ደብዳቤውን የት አየኸው?»

«እዚሁ ስክሪኑ ላይ። ጠዋት ስገባ ተከፍቶ ነበር። ‹ደክሞኛል፤ ማንንም አትውቀሱ› ይላል። አነበብኩና ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።»

«ከዚያ ወዲህ የነካው አለ?»

«ማንም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ጎረቤታቸው ሩፊና እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሻዩን ያፈላችው እሷ ስለሆነች ሰፈሩ በክፉ ዓይን እያያት ነው።

«እንግዲህ እኔን ስቀሉኝ» አለች። «መምህሩ እኮ ለመሞት ጊዜም አልነበራቸው። ልጃቸው ኮምፒውተሩን ከጀርመን ከላከላቸው ጀምሮ ‹የሩሲያ ፊደል አምጡልኝ፣ የተማሪዎቼን ደብዳቤ ላንብብበት› ሲሉ ወር ሞላቸው። ያን ዕለት ማታም ሻዩን ስሰጣቸው ‹ግሌብ ዛሬም ነገ አለኝ› እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ስወጣ ደረጃው ላይ ከግሌብ ጋር ተላለፍን፤ ያን ሰሞን ቤቱን ሽጡ እያለ ያስቸግራቸው ነበር።»

«አምስት ደቂቃ ነው የቆየሁት» አለ ግሌብ።

ታይሲያ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። አብርታ ደብዳቤውን ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ነጥብና ጭረት የተለጠፈበት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው፤ አንድም የሚነበብ ቃል የለውም።

«አንብብልኝ» አለችው ግሌብን።

ግሌብ አጎንብሶ ስክሪኑን አየና ቀና አለ።

«እዚህ ላይ የሩሲያ ፊደል ኖሮ አያውቅም። እሳቸው በምን ጻፉት? አንተስ በምን ዓይንህ አነበብከው?»

ከጣቢያ ያስመጣችውን የሩሲያ ፊደል የያዘ ዲስኬት ከቦርሳዋ አውጥታ ፊደሉን ጫነች። ደብዳቤው እንደገና ሲከፈት ጥርት ብሎ ተነበበ፦ ደክሞኛል፤ ማንንም አትውቀሱ።

«ቃል በቃል» አለች ታይሲያ። «ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽፈህ በዲስኬት ይዘህ መጣህ። ሻዩ ላይ መድኃኒቱን ጨመርክና ሲያንቀላፉ፣ በጥድፊያ፣ ከፍተህ እንኳ ሳታይ ወደዚህኛው ገለበጥከው። ቤቱን አልሸጥም ስላሉህ።»

«እስካሁን ፊደሉን ከሰው ያገኙ መስሎኝ…» አለ ግሌብ። ቃሉ ካፉ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጠው።

«ከማን ያግኙ?» አለች ሩፊና። «ላምጣልዎ ላላቸው ሁሉ ‹ተዉት፣ ግሌብ ያመጣልኛል› ነበር የሚሉት።»

ካፒቶሊና ግሌብን ትክ ብለው አዩት።

«አንዲት ዲስኬት» አሉ። «ብታመጣለት ኖሮ ማን ያውቅብህ ነበር።»

ከዚያ ሻርባቸውን አገጫቸው ሥር አጥብቀው አሰሩና ወደ ቄሱ ቤት ሄዱ።